ጥፋቱ የድንጋዩ ነው? ስለ ዝነኛ አልማዞች፣ ስለ ምንትዋብ ዘውድና ስለ ደላንታ ኦፓል

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ነው። ሌቦች ፓሪስ በሚገኘው ሉቭር ሙዚየም በመስኮት ገቡና የነገሥታቱን ጌጣጌጥ ይዘው እብስ አሉ። ገብቶ ለመውጣት ስምንት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። የወሰዱት ስምንት ጌጥ ነው። ሌላ አንድ ደግሞ፣ የናፖሊዮን ሣልሳዊን ሚስት የእቴጌ ዩጂኒን ዘውድ፣ በሩጫ መሀል ጣሉት። የጠፋው ጌጥ ዋጋ 88 ሚሊዮን ዩሮ ተገመተ።

እዚህ ባሕር ዳር ወሬው በየስልኩ ሲዞር ያዘነ ሰው አላየሁም። «ሌባን ሌባ ሰረቀው» ተብሎ ተሳቀ። ቀልዱ ይጥማል፣ ግን ልክ አይደለም። እነዚያ ጌጦች የፈረንሳይ ንግሥቶችና እቴጌዎች ንብረት እንጂ ከቅኝ ግዛት የመጣ ምርኮ አልነበሩም። ቢሆንም የሳቁ ምክንያት ይገባኛል። ስለ መቅደላ እየሰማ ያደገ ሰው፣ የአውሮፓ ሙዚየም ተዘረፈ ሲሉት መጀመሪያ የሚመጣበት እንባ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። እንዲህ ያለ ጌጥ ሰርቆ ለማን ይሸጣል? ፎቶው በዓለም ተበትኗል። ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ባለሙያዎቹ ወዲያው የፈሩትም ይህንኑ ነው። የተሰረቀ ስልክ ተፈታቶ በመለዋወጫ እንደሚሸጠው፣ ጌጡም ይበታተናል፤ ወርቁ ይቀልጣል፣ ድንጋዩ እንደገና ይቆረጣል። ያኔ 88 ሚሊዮን የሚባል ነገር የለም። የወርቁ ግራምና የድንጋዩ ካራት ብቻ ይቀራል። ሌላው ገንዘብ ዝና ነበር። ማን አጠለቀው፣ ማን ለማን ሰጠው፣ ከማን ተወሰደ፤ ዋጋው ይህ ነው። ይህን ታሪክ የሚያወራው ደግሞ ጌጡን የያዘው ነው። ከመሬት ያወጣው ሰው አያወራውም፤ የተቀማውም ቢያወራ ሰሚ የለውም። ስለ ውድ ጌጥ ሥነ ምግባር የሚነሳው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ጥር ሲደርስ የባሕር ዳር ወርቅ ቤቶች ይጨናነቃሉ። ሠርግ አለ፣ ጥሎሽ አለ። ጥሎሹ ተዘርግቶ ይታያል፤ የሙሽራዋ ወገን በዓይኑ ይመዝነዋል፣ አንዳንዴም ያኮርፋል። ሀብሉ፣ ጉትቻው፣ አምባሩ ስንት ግራም እንደሆነ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያውቃል። የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ ነክቶ፣ በመስከረም 2018 መጨረሻ አንድ አውንስ 4,000 ዶላር ካለፈ ወዲህ ግን ነገሩ ከበደ። ብዙ ሙሽራ ላይ የሚያብለጨልጨው ወርቅ ቅብ ነው። ማንም አይናገረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ወርቅ ቤት ገብታችሁ ሲመዘን አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሻጩ ሀብሉን ትንሿ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ ጥቅልል አድርጎ ያስቀምጣል። ቁጥሩ እስኪረጋ እናትም ልጅም ዝም ይላሉ። ከዚያ በዕለቱ የግራም ዋጋ ይባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል። ያው ሀብል ተመልሶ ሊሸጥ ሲመጣ ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጫር ይደረጋል። በጫረው መስመር ላይ አሲድ ጠብ ይላል። መስመሩ ከጠፋ ወሬው አለቀ፤ ካልጠፋ ይመዘናል። የእጅ ዋጋ ግን አይታሰብም። የሠርግሽ ነበር፣ የእናትሽ ነበር፣ እሱም አይታሰብም። ወርቅ ቤት ትዝታ አይገዛም።

አልማዝ ግን ሌላ ነው። የሚሸጠው ትዝታው ነው።

በቅርብ ዓመታት ሐይቅ ዳር የመጣ አዲስ ነገር አለ። ጠረጴዛው በአበባ ተሸልሟል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ወጣቱ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ትንሽ ሳጥን ይከፍታል። ጓደኛው ይቀርጻል። ቪዲዮው ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ አልማዝ አይደለም፤ ዚርኮኒያ ወይም ሞይሳናይት ነው። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ፍቅሩ እውነተኛ ከሆነ ድንጋዩ ምን ቸገረው። ግን ለምን አልማዝ እንዲመስል ተፈለገ? አያቶቻችን አልማዝን በስም እንጂ በዓይን አያውቁትም ነበር።

መልሱ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የማስታወቂያ ቢሮ ይመጣል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አልማዝ የሚገኘው በአብዛኛው ከህንድና ከብራዚል፣ ያውም በጥቂቱ ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኘና ገበያው በአንዴ ሊጥለቀለቅ ሆነ። የበዛ ነገር ይረክሳል። እ.ኤ.አ. በ1888 በሴሲል ሮድስ መሪነት የተቋቋመው ዴ ቢርስ ሥራው ይህን ማስቆም ነበር። ማዕድኑን መያዝ፣ የሚወጣውን መጠን መቆጣጠር፣ እጥረት እንዳለ ማስመሰል። ይህ ግማሹ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ የገዛው ሰው መልሶ እንዳይሸጥ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ጸሐፊ ለዴ ቢርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ «አልማዝ ለዘላለም ነው»። ለዘላለም የሆነ ነገር ደግሞ ወርቅ ቤት ተወስዶ አይመዘንም። በየቤቱ የተቀመጠው አልማዝ ሁሉ ገበያ ቢወጣ ዋጋው ይወድቅ ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ሳጥኑን ቆልፎ ያዘው። መሸጥ የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ ከገዛበት በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ሲቀርብለት ይደነግጣል።

ዛሬ ሐይቅ ዳር ወጣቱን የሚያንበረክከው፣ እንግዲህ፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ማስታወቂያ ነው።

አሁን ያ ቁልፍ እየተከፈተ ነው። በላብራቶሪ የሚሠራ አልማዝ መጥቷል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን ሲሠራ ለኢንዱስትሪ መቁረጫ ነበር። ዛሬ ግን ለጣት የሚሆን፣ በመሣሪያ ካልሆነ በዓይን የማይለይ ይሠራል። አስመሳይ አይደለም፤ ያው ካርቦን፣ ያው ጥንካሬ ነው። ዴ ቢርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም አንዱን ካራት በ800 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ግን እዚያም አልቆመም፤ ወረደ፣ ወረደና ኩባንያው በ2025 ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ድንጋዩ አንድ ሆኖ ዋጋው እንዲህ ሲራራቅ፣ ሰው ሲከፍል የኖረው ለምን እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላብራቶሪውም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነኝ አይልም፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ ጭሱ አለ። ቢያንስ ግን ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ሰው የለበትም።

ጉድጓዱን ስናነሳ ሴራሊዮንን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 በዘለቀው ጦርነት አማጺዎች የሰላማዊ ሰዎችን እጅ ይቆርጡ ነበር። መሣሪያ የሚገዙት ከአልማዝ በሚያገኙት ገንዘብ ነው። ከጀርባቸው የነበረው የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት። «የደም አልማዝ» የሚለው ስም በዓለም ሲናኝ ነጋዴዎቹም ደነገጡ። መንግሥታት፣ ኩባንያዎችና የሲቪል ድርጅቶች ተሰብስበው የኪምበርሊ ሥርዓት የሚባለውን አወጡ፤ በ2003 ሥራ ጀመረ። ያልተቆረጠ አልማዝ ከአገር አገር ሲሻገር የምስክር ወረቀት ይኑረው ተባለ።

ጥሩ እርምጃ ነበር። ግን ትርጉሙን ልብ በሉ። የደም አልማዝ ማለት አማጺዎች በሕጋዊ መንግሥት ላይ ለሚያካሂዱት ጦርነት ገንዘብ የሚያገኙበት ጥሬ አልማዝ ነው። መንግሥት ራሱ ቢገድልስ? ይህ ጥያቄ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዚምባብዌ ውስጥ ማራንጌ በሚባል ቦታ የአገሪቱ ጦር አልማዝ ቆፋሪዎችን በሄሊኮፕተር ሳይቀር ተኩሶ ገደለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ዘግቧል። ከሦስት ዓመት በኋላ የማራንጌ አልማዝ በኪምበርሊ ወረቀት እንዲሸጥ ተፈቀደ። ሥርዓቱ እንዲወለድ የታገለው ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጥሎ ወጣ። የሩሲያም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ዩክሬንን የወረረው መንግሥት እንጂ አማጺ አይደለም፣ ስለዚህ በኪምበርሊ ዓይን አልማዙ ንጹሕ ነው። ቡድን ሰባት አገሮች ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሳቸው መንገድ ነው ያገዱት። የድንጋዩ ወረቀት ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የማይጠይቀውን ግን አይመልስም።

«እንግዲያው አልማዝ አንግዛ» ብሎ መጨረስ ቀላል ነበር። ቦትስዋና ባትኖር። ነጻ በወጣች በማግሥቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ አልማዝ ተገኘባት። ከዴ ቢርስ ጋር ኩባንያ አቋቋመች፤ ድርሻዋንም በኋላ እኩል በእኩል አደረገች። ከዓለም ድሆች አንዷ የነበረችው አገር በዚያ ገንዘብ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራች። አሁን የላብራቶሪው አልማዝ ዋጋ ሲያወርድ በጀቷ የተናጋው የእሷ ነው። ለንደን ወይም ኒውዮርክ ያለ ሰው «ሕሊናዬን ንጹሕ አደረግሁ» ብሎ የላብራቶሪ ቀለበት ሲገዛ፣ ጋቦሮኔ ላይ የአስተማሪ ደሞዝ ሊነካ ይችላል። ይህን ሳይቆጥር ስለ ሥነ ምግባር የሚሰብክ ሰው ሒሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

ወደ ዝነኞቹ ልመለስ። እነሱ ጋ የሚገርም ነገር አለ፤ አብዛኞቹ «እርግማን» አለባቸው። ስሚትሶኒያን ሙዚየም የሚገኘው ሰማያዊው ሆፕ አልማዝ 45.52 ካራት ነው። ካራት ስል የወርቅ ቤቱ 18 እና 21 አይደለም፤ እዚህ ላይ ክብደት ነው፣ አንዱ ካራት 0.2 ግራም። ድንጋዩ ከህንድ ወጥቶ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሸጠ። በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1792፣ ተሰረቀ። ልክ ሃያ ዓመት አልፎ ሌብነቱ በሕግ የማይጠየቅበት ጊዜ ሲደርስ፣ ተቆርጦና አንሶ ለንደን ብቅ አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፒየር ካርቲየር ለአንዲት አሜሪካዊት ባለጠጋ ሊሸጠው ሲል የእርግማኑን ተረት አሳምሮ ነገራት። ያዘ፤ ገዛችው። የእንግሊዝ ዘውድ ጌጥ የሆነው ኮሂኑር አልማዝም እንዲሁ ነው፤ «ወንድ ካደረገው ይጠፋል» ይባላል፤ የእንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰብም ሴቶቹ ብቻ ናቸው የሚያደርጉት።

እርግማን ለሻጭ ምርጥ ዕቃ ነው። ድንጋዩን ያስፈራል፣ ሲያስፈራ ያጓጓል። ከዚህም በላይ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ጥፋቱን ከሰው አንስቶ ድንጋዩ ላይ ይጭናል። ኮሂኑር በመጨረሻ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው። እንግሊዞች ፑንጃብን ያዙና ንጉሡ በውል አስረክብ ተባለ። ንጉሡ ዱሊፕ ሲንግ ይባላል፤ የአስር ዓመት ልጅ ነው። እናቱን ቀድመው ነጥለው አስረዋታል። «ውል ፈርሟል» የሚባለው ይህ ሕፃን ነው። ተረቱ ሲነገር ግን ክፉው ድንጋዩ ነው፤ እርጉም የሆነው እሱ ነው። እናቱን ያሰረው ሰው የት አለ?

ይህ የእነሱ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። እኛም አገር ጌጡን ሲወዱት የኖሩት ሰዎች ጌጡን የሠራውን ሲጠሉት ኖረዋል። አንጥረኛው «ጠይብ» ተብሎ ተንቋል፣ «ቡዳ ነው» ተብሎ ተፈርቷል፣ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ተወርቶበታል። የአያቶቻችን ድሪና አልቦ የማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። ያቀለጠው እጅ ግን ልጅ አይዳርለትም ነበር። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ብዙዎቹ ቀጥቃጮች፣ ከእነሱም ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን፣ የርስት መሬት እንኳ ተነፍጓቸው ኖረዋል። አንገቷ ላይ ያደረገችው እመቤት ንጹሕ፣ እሳት ላይ የተቃጠለው ሰውዬ ቡዳ። አውሮፓ ጥፋቱን ለድንጋዩ ሰጠች፣ እኛ ለሠሪው ሰጠን። ለባለቤቱ የሰጠው የለም።

እዚህ ላይ ምንትዋብ ትምጣ። የቋራዋ እቴጌ፣ የበካፋ ሚስት፣ የዳግማዊ ኢያሱ እናት። ከባሕር ዳር ጀልባ ይዞ ደቅ ደሴት የደረሰ ሰው ናርጋ ሥላሴን ያያል፤ ያሠራችው እሷ ናት። ግድግዳው ላይ እሷም አለች፤ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ። ጎንደር አጠገብ ደግሞ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠራች። ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ታዋቂው የኢትዮጵያ ዘውድ፣ በሙዚየሙ ግምት፣ እሷና ልጇ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቁስቋም የሰጡት ነው። ከእሱ ጋር የወርቅ ጽዋ አለ።

ዘውዱን በፎቶ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ወርቅ አለው፣ በወርቅ የተለበጠ መዳብም አለው። አልማዝ የለውም። ፈርጦቹ የመስታወት ዶቃ ናቸው። ወርቅ ቤት ብትወስዱት ግራሙ ተመዝኖ ዶቃው ይጣላል። ቢሆንም ሙዚየሙ ሙጭጭ ብሎ ይዞታል።

ከቁስቋም ለንደን እንዴት ደረሰ? በሁለት እርከን ነው፣ የመጀመሪያውን እርከን መዝለል እንወዳለን። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ሰብስበው ወደ መቅደላ አስወሰዱ፤ ካህናቱ ወደው አልሰጡም። ከዚያ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፣ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፣ ዘረፋው ሆነ። በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጫነ ይባላል።

ይህን ሲሰሙ «አያችሁ፣ ለማን ይመለሳል? ለቁስቋም? ለመቅደላ? ለአዲስ አበባ?» የሚሉ አሉ። ኮሂኑር ላይም ያው ነው። የፋርሱ ንጉሥ ናድር ሻህ በ1739 እ.ኤ.አ. ከዴልሂ ወሰደው፣ አፍጋኖች ያዙት፣ የፑንጃቡ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ በ1813 ከአፍጋን ስደተኛ ንጉሥ ተቀበለው። ዛሬ ህንድም፣ ፓኪስታንም፣ ኢራንም፣ አፍጋኒስታንም የእኔ ነው የሚሉ ወገኖች አሏቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን የወራሾች መጣላት ለያዘው ሰው የባለቤትነት ወረቀት አይሆነውም። ሁለት ወንድማማቾች በበሬ ቢካሰሱ በሬው ለዳኛው አይሰጥም።

እንግሊዞች መልሰው ያውቃሉ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ለንደንን ሲጎበኙ ከመቅደላ ከተወሰዱት ሁለት ዘውዶች አንዱን ለንግሥት ዘውዲቱ መለሱ። የመለሱት በወርቅ የተለበጠውን የብር ዘውድ ነው። የወርቁን አስቀሩ። በሙሽሮቻችን አነጋገር ወርቅ ቅቡን ሰጡን። በ2018 እ.ኤ.አ.፣ መቅደላ 150 ዓመት ሲሞላው፣ ሙዚየሙ ንብረቱን በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጥ አለ። በ1983 የወጣ የአገራቸው ሕግ ሙዚየሙ ዕቃ አሳልፎ እንዳይሰጥ ያስረዋል፤ ሕጉን ያወጣው ግን የራሳቸው ፓርላማ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም። የራስን ዕቃ መዋስ ምን ያህል እንደሚያስተዛዝብ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ2023ቱ የንግሥት ካሚላ ዘውድ ላይ ኮሂኑርን ሳያደርጉ መቅረታቸው እንደ ጨዋነት ተቆጥሮላቸዋል። በምትኩ ያደረጉት ከኩሊናን የተቆረጡ ድንጋዮችን ነው። ኩሊናን በ1905 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘ አልማዝ ነው፤ ሳይቆረጥ 3,106 ካራት፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነበር። ስሙ የማዕድን ማውጫው ባለቤት ስም ነው። ላገኘው ነጭ አለቃ ጉርሻ ተሰጠው። ሲቆፍሩ የነበሩት ጥቁር ሠራተኞች ስም የለም።

በጣና ገዳማት ያለውን ሳይ ግን አንድ የተለየ ልማድ አያለሁ። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ውስጥ የነገሥታት ናቸው የሚባሉ ዘውዶች አሉ። ንጉሡ ያደረገውን አውልቆ ለታቦቱ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ጌጡ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ልጅ አይወርሰውም። ይህንንም ግን ብዙ ማጋነን አልፈልግም። ሕዝቡ ከሰጠው ግብር ነው ዘውዱ የተሠራው። ጥበቃውም ቀጭን ነው፤ አንድ አባት ቁልፍ ይዘው ከመቆም ያለፈ ነገር የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነበር። ተመለሰ፣ ዕድለኞች ነን። ያልተመለሰው ይበዛል፤ የወሰደውም ሁሉ ፈረንጅ አይደለም።

ያ የመቅደላ ምርኮ የት እንደተሸጠ ታውቃላችሁ? ደላንታ ሜዳ ላይ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ሆነ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ እዚያው ተገኝቶ ይገዛ ነበር። ጠቅላላው 5,000 ፓውንድ ያህል ወጣው፤ ለወታደሩ ሲከፋፈል በነፍስ ወከፍ ከአራት የማርትሬዛ ብር ብዙም አላለፈ።

ከባሕር ዳር ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ያንን ደላንታ ያገኘዋል። ወገል ጤና ከተማው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. እዚያ ገደል ላይ ኦፓል ተገኘ። ዛሬ የወሎ ኦፓል በዓለም የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ውስጥም ለቱሪስት ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። አንዱን መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና ወደ ብርሃን አዘንብሉት፤ አረንጓዴው ወደ ቀይ ይሮጣል፣ ቀዩ ብርቱካን ሆኖ ይጠፋል፣ ከሥር ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ብትጨምሩት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ውኃውን ይጠጣል። ቀስ በቀስ እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይጠፋል። ስታወጡት መጀመሪያ ይነጣል፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ እሳቱ ይመለሳል። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ልብስ ስታጥቡ ቀለበታችሁ የተበላሸ መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ። ያው ባሕርይው ዘይትና ቀለምም ስለሚያስጠጣው፣ በጭስ አጥቁሮ ውድ ጥቁር ኦፓል የሚያስመስል ነጋዴ አለ፤ ጥቁር ሲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ድንጋዩ ያለው ገደሉ ወገብ ላይ፣ በቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው። ገበሬዎች በዶማና በመዶሻ ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ። ዋሻው ድጋፍ የለውም። በ2016 ዓ.ም. ተደርምሶ ብዙ ሰዎች ውስጥ ታፍነው ወሬው ከአገር ውጭ ድረስ ተሰማ። የኪምበርሊ ወረቀት የሚጠይቀው ስለ አልማዝ ብቻ ነው፤ ለኦፓል የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ጥሬው ይወጣል፣ ብዙው ህንድ ጃይፑር ሄዶ ይቆረጣል፣ ይወለወላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ድንጋዩ የሚከብረው ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው። ገደሉ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ከኒውዮርኩ መስኮት ዋጋ የሚደርሰው ስንጥር ነው።

ዴ ቢርስ አንድ ተራ ካርቦን በወሬ ብቻ ዘላለማዊ ማድረግ ከቻለ፣ ደላንታ ወሬ አልጎደለውም። የምንትዋብ ዘመን ወርቅ የተሸጠበት ሜዳ ነው፣ ብርሃን የሚጠጣ ድንጋይ የሚወጣበት ገደል ነው። የጎደለው መቁረጫ ማሽን፣ ሠልጥኖ የሚቆርጥ እጅ፣ ለዋሻው ድጋፍ እንጨትና ዋጋ የሚደራደር ማኅበር ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብና ፈቃድ እንጂ ተአምር አይጠይቅም። አንጥረኛውን ቡዳ ያለ አገር፣ አሁን ድንጋይ ቆራጭ የሚሆን ወጣት ሲፈልግ ያንን የቆየ ንቀትም ማንሳቱ አይቀርም።

ጥር ላይ ለምታገቡ፣ ብጠየቅ የምለው ይህን ነው። ወርቅ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ካራቱም ይጻፍበት። ሐይቅ ዳር የምትንበረከክ ወንድሜ፣ ለሳጥኑ የወሎ ኦፓል ይበቃሃል፤ እዚሁ አገር የተቆረጠውን ምረጥ፣ ማን እንደቆረጠውም ጠይቅ። ኦፓል ከአልማዝ በጣም ይለሰልሳል፣ ይጫራል፤ እንጀራ ስትጋግር ታውልቀው። አንተም ብትጋግር ያው ነው።